አርባ ሦስቱም ደህና ናቸው

ሚጣ ስትባል ሕፃን ልጅ እንዳትመስላችሁ። ሚጣ አርባ ስድስት ዓመቷ ነው። ጉልበቷን ያማታል፣ መነጽሯን ጭንቅላቷ ላይ ሰቅላ ቤቱን ሁሉ ትፈልገዋለች፣ የአንድ ትልቅ ሆስፒታል ሰርቨሮች ደግሞ በእሷ እጅ ናቸው። ሚጣ የሚላት ወንድሟ ብቻ ነው። የምናወራው የሁለቱን ነገር ስለሆነ እኛም ከእሱ አፍ ተቀብለን ሚጣ እንበላት።

እሷ ደግሞ ጋሼ ትለዋለች። በአሥራ ሦስት ዓመት ይበልጣታል። እናትና አባታቸው በአንድ ዓመት ውስጥ ተከታትለው ሲሞቱ እሱ አሥራ ዘጠኝ፣ እሷ ስድስት ዓመታቸው ነበር። ዘመድ ተሰብስቦ፣ "ልጅቷ እኛ ጋ ትምጣ፣ አንተ ትምህርትህን ጨርስ" ቢለው፣ "እህቴ ዕቃ ናት እንዴ ተሸክማችሁ የምትሄዱት?" ብሎ ሁሉንም አስደነገጣቸው። በሳምንቱ ትምህርቱን ትቶ ሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ተቀጠረ። ሥራው የበሽተኛ ካርድ ከመደርደሪያ እያወጣ ወደየሐኪሙ ክፍል መሮጥ ነበር። ጠዋት ጠዋት ከመውጣቱ በፊት ፀጉሯን የሚጎነጉንላት እሱ ነው። አጎነጓጎኑስ! አንዱ ጎን ወደ ላይ፣ አንዱ ጎን ወደ ታች። ልጆቹ ይስቁባት ነበር፤ እሷ ግን አንድ ቀን እንኳ ፈትታው አታውቅም።

ከዚያ ኮምፒውተር መጣ። ጋሼ ካርቶን እንዲያወርድ ተጠራ፣ አወረደ፣ "በል ውጣ" ቢሉት አልወጣም። ግድግዳ ተደግፎ ባለሙያዎቹ የሚሠሩትን ሲያይ ዋለ። በማግሥቱም መጣ፣ በሳልስቱም መጣ። መጨረሻ ላይ ሰለቻቸውና ገመድ እንዲይዝላቸው አደረጉት። በሦስት ዓመቱ ባለሙያዎቹ ሲጠፉ የሚጠራው እሱ ሆነ። ጓደኞቹ "አግባ እንጂ" ሲሉት "ሚጣ ትደግ" ይላል። ሚጣ አደገች፣ በኮምፒውተር ተመረቀች፣ እዚያው እሱ ክፍል ተቀጠረች። "እህሳ፣ አሁንስ?" ሲሉት "ሰርቨሩ ይረጋ" አለ። ሰርቨር ደግሞ መቼ ረግቶ ያውቃል! እንዲሁ ሳያገባ ቀረ።

በሆስፒታሉ ሰርቨሮች ላይ አርባ ሦስት ነገር ይሠራል። ካርድ ክፍሉ አለ፣ ላብራቶሪው አለ፣ መድኃኒት ቤቱ፣ ራጁ፣ የአልጋ ምደባው፣ ቀጠሮው፣ ስንቱ ተቆጥሮ ያልቃል። አንዱ ቢቆም ሰው ይጉላላል፤ አንዳንዱ ቢቆም ሰው ይሞታል። እነዚህን ቀንም ሌትም የሚጠብቅ ሶፍትዌር የተከለው ጋሼ ነው። ሶፍትዌሩ ምላስ የሚያስር የባዕድ ስም ነበረው፤ ጋሼ "ተረኛው" አለው፣ በዚያው ጸና። ተረኛው በየደቂቃው እየዞረ ሁሉንም "አለህ?" ይላል። "አለሁ" ካሉት ያልፋል፤ ዝም ካሉት ለክፍሉ ሰዎች ስልክ መልእክት ይልካል። መልእክቶቹን ጋሼ በራሱ አነጋገር ነበር የጻፋቸው። "ላብራቶሪው ትንፋሽ አጥሮታል፤ ድረሱለት።" "መድኃኒት ቤቱ ቆሟል፣ ሰው ተሰልፏል፤ ጫማችሁን መንገድ ላይ እሰሩት።" እንዲህ ዓይነት ነገር።

ከሁሉም በላይ ግን የጠዋቷ ነበረች። በየቀኑ ልክ አንድ ሰዓት ላይ ተረኛው አርባ ሦስቱን በሙሉ ይጠይቅና "አርባ ሦስቱም ደህና ናቸው" ብሎ ለሁሉም ይልካል። ሚጣ አዲስ ተቀጣሪ እያለች ይህ ነገር አልገባትም ነበር።

"ደህና ከሆኑ ምን አስለፈለፈው?" አለችው። "ሲበላሽ ይንገረን፤ ካልተበላሸ ዝም ይበል።"

"ተረኛው ራሱ የሞተ ቀን ማን ይነግርሻል?"

ሚጣ ወደ ስክሪኑ ዞረች።

"ዝምታው ነው የሚነግርሽ" አላት። "አንድ ሰዓት ላይ ደህና ናቸው ካላለ፣ ወይ እነሱ ወይ እሱ ራሱ ወድቋል ማለት ነው። ያን ጊዜ መነሳት ነው። ጠባቂም ጠባቂ ይፈልጋል ሚጣዬ።"

ከአራት ዓመት በፊት፣ በሥራ ቀን፣ ወንበሩ ላይ እንዳለ ጋሼን ስትሮክ መታው። ሆስፒታል ውስጥ ስለነበረ ነፍሱ ተረፈች፤ ቀኝ እጁና ምላሱ ግን እንደ ቀድሞው አልሆኑም። ያ አፈ ጮሌ ሰው ሦስት ቃል ለመናገር ሦስት ጊዜ ማረፍ ግድ ሆነበት። በደብዳቤ ጡረታ ወጣ። ሚጣ ትዳሯ ከፈረሰ ቆይቶ ነበርና ወደ ራሷ ቤት ወሰደችው፤ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለች ሁለት ክፍል ቤት። ከአልጋው አልነሳም አለ። ምግብ አስጠላው። ሰው ሲመጣ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል።

አንድ ጠዋት ታዲያ ራስጌው ላይ የተቀመጠው ስልክ ጮኸ። "አርባ ሦስቱም ደህና ናቸው።" ተረኛው የሚልክላቸው ሰዎች ዝርዝር ውስጥ ቁጥሩን የሰረዘው ሰው አልነበረም፤ ያን ያሰበ የለም። ጋሼ ስልኩን በግራ እጁ አንስቶ አነበበው። በማግሥቱ ከመልእክቱ በፊት ነቅቶ ጠበቀው። በሳምንቱ ከአልጋው ተነስቶ መስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ጠበቀው። ከዚያ ወዲያ አሥራ ሁለት ሰዓት ይነሳል፣ ይታጠባል፣ ኮሌታ ያለው ሸሚዝ ይለብሳል፣ ቁልፎቹን በአንድ እጁ አንድ በአንድ ይቆልፋል፤ ሚጣ ላግዝህ ካለች ይቆጣል። መልእክቱ ሲገባ "ተመስገን" ይላል። ቁርስ የሚቀምሰው ከዚያ በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት ለምነው ቢሞቱ አይቀምስም።

ለጨዋታ እንዳይመስላችሁ። በአራት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ መልእክቱ ቀርቷል፤ ሁለቱንም ጊዜ አንድ ሰዓት ከአምስት ሲል ጋሼ የሚጣን በር በከዘራው ደብድቧል። ሁለቱንም ጊዜ ተረኛው ራሱ ወድቆ ነበር፤ ክፍሉ ውስጥ ማንም ልብ አላለም። የሥራ ባልደረቦቿ፣ "ጋሽ ዘበኛ ጡረታ የወጡት በወረቀት ነው" እያሉ ይስቁ ነበር። የሚያክመው ሐኪም ግን አልሳቀም። "ይህን ሰው ያቆመው መድኃኒቱ አይደለም" አላት፤ "ጠዋት የሚነሳበት ነገር ስላለው ነው። እሱን ጠብቂለት።"

እነዚህ ሶፍትዌር ሠሪዎች ደግሞ አያርፉም። አንዱን ለምደነው ሳንጨርስ ሌላ ያመጣሉ። የጋሼ ተረኛ ስድስት ዓመት ያለፈው ዕትም፣ ቨርዥን የሚሉት፣ ነበር፤ ሠሪዎቹ "ከእንግዲህ አንጠግነውም፣ ቀዳዳ ቢገኝበት አንደፍንም" ብለው እጃቸውን አነሱ። የክፍሉ ኃላፊ ሚጣን ጠራት። ልጅ እግር ነው፣ ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን ወረቀት ይፈራል።

"ኦዲተሮች ሳይመጡ ወደ አዲሱ ቨርዥን መሸጋገር አለብን" አላት። "በአሮጌ ሶፍትዌር የበሽተኛ መረጃ እንጠብቃለን ብል አንገቴን ነው የሚሉኝ።"

"ትክክል ነህ" አለችው። ትክክል ነበረ፤ እሷም ይህን ካወቀች ሁለት ዓመት ሆኗታል፣ ዛሬ ነገ እያለች አሳለፈችው እንጂ።

የዚያን ዕለት ማታ ለጋሼ ነገረችው። የተከለው እሱ ነውና ይከፋው ይሆን ብላ ፈርታ ነበር። አልከፋውም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቃት።

"ጠዋት... ይነግረኛል?"

"ይነግርሃል ጋሼ። እኔ ነኝ የምልህ።"

ዝግጅቱ ሁለት ወር ፈጀ። አዲሱ ቨርዥን ጋሼ የጻፋቸውን መመሪያዎች ማንበብ አይችልም፤ ስለዚህ አርባ ሦስቱንም ሚጣ አንድ በአንድ በአዲሱ አጻጻፍ መገልበጥ ነበረባት። በየመሐሉ እሱ ለራሱ የጻፋቸው ማስታወሻዎች አሉ። አንዱ ጋ "ይህን አትንኩት፤ ለምን እንደሚሠራ እኔም አላውቅም" ይላል። ሌላው ጋ "ይህን የጻፍኩት ሚጣ ስትመረቅ ከድግሱ አምልጬ ነው" ይላል። ብቻዋን ሳቀች፣ ከዚያ ብቻዋን አለቀሰች። መናገር እየቻለ ያለ ሰው ድምፅ ነበረ ያ። አዲሱ ደግሞ የራሱ አነጋገር አለው፤ "ላብራቶሪ፦ ምላሽ የለም፣ ደረጃ አንድ" ነው የሚለው። ቁም ነገረኛ ነው፣ ቀልድ አያውቅም።

ሽግግሩ በእሑድ ረፋድ ተደረገ፤ የተመላላሽ ሕክምና የሌለበት ቀን ስለሆነ። ሚጣ ባክአፕ፣ ማለትም መጠባበቂያ ቅጂ፣ ወሰደች፣ ባክአፑ በእርግጥ እንደሚከፈት ሌላ ማሽን ላይ ከፍታ አየች። "ባክአፕ አለኝ የሚል ከፍቶ ያየ ብቻ ነው" ይላት ነበር ጋሼ። ከአሮጌው ወደ አዲሱ በቀጥታ መዝለል አይቻልም፤ መጀመሪያ ወደ መካከለኛው ቨርዥን፣ ከዚያ ነው ወደ አዲሱ። አሮጌውን አቆመችው። ከሃያ ዓመት በላይ ሲዞር የኖረ ነገር በአንድ ትእዛዝ ጸጥ አለ። በስምንት ሰዓት አዲሱ ተነስቶ አርባ ሦስቱንም በአረንጓዴ አሳያት። ካርድ ክፍሉን ሆን ብላ አቆመችው፤ አዲሱ በግማሽ ደቂቃ ጮኸ። እሰይ፣ ሠርቷል።

የቀረው የጠዋቷ መልእክት ነበረች። አዲሱ ደህና ሲሆን ዝም ማለትን ይወዳል፤ ቢሆንም የሚናገርበት መንገድ ተፈልጎ ተገኘ፣ አዘዘችው። ከዚያ የሚላክላቸውን ሰዎች ስታስገባ የጋሼን ቁጥር አልቀበልም አላት። አዲሱ የሚልከው የሆስፒታሉ ሠራተኛ ሆኖ ለተመዘገበ ብቻ ነው። የጋሼ መዝገብ ደግሞ ጡረታ በወጣ ቀን ተዘግቷል። ለኃላፊው ደወለች።

"ጡረተኛን? በሆስፒታል ሲስተም?" አለ። "ኧረ ተይኝ። ኦዲተሩ ‘ይህ ሰው ማነው?’ ቢለኝ ምን ልመልስ?"

"የተከለው ሰው ነው በለው።"

"ወንድምሽን እንደማከብር ታውቂያለሽ። እስቲ ማመልከቻ ጻፊና ይታያል።"

ጻፈች። ማመልከቻው መሳቢያ ገባ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። እሑድ ማታ ቤት ገብታ ጋሼ "እንዴት ሆነ?" በሚል ዓይን ሲያያት፣ እውነቱን መናገር ነበረባት። በሁለት ቃል ያልቅ ነበር፤ እሱ እንደሆን ከእሷ በላይ ደንብ የሚያውቅ ሰው ነው። ግን ሐኪሙ ያላት ትዝ አላት፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረበት ጊዜ ትዝ አላት።

"ተጠናቀቀ" አለችው። "ጠዋት ይነግርሃል።"

ሰኞ ጠዋት ጋሼ ጠረጴዛው ላይ ሸሚዙን ቆልፎ ተቀምጧል። ሚጣ መኝታ ቤቷ በር ዘግታ ላፕቶፗን ጭኗ ላይ አድርጋለች። ከቤት ሆና አዲሱን ከፈተች፣ አርባ ሦስቱ አረንጓዴ መሆናቸውን በዓይኗ አየች፣ ከዚያ ሆስፒታሉ ለበሽተኞች ቀጠሮ በሚያስታውስበት የአጭር መልእክት መላኪያ ያቺን ዓረፍተ ነገር ጽፋ ልክ አንድ ሰዓት ላይ ላከች። ከበሩ ወዲያ የስልኩ ድምፅ ተሰማ። ቀጥሎ ጋሼ "ተመስገን" አለ። ሚጣ ላፕቶፑን ክድን አድርጋ ቁርስ ልታቀርብ ወጣች።

ዘጠኝ ቀን እንዲህ አደረገች። እስከዚህ ድረስ እኔም አልፈርድባትም፤ አይታ ነው የምትናገረው፣ የተናገረው አፍ ብቻ ነው የተለወጠው። በአሥረኛው ቀን ግን ገላዋን ስትታጠብ አምስት ደቂቃ አሳለፈች፤ ሳሙናው ፊቷ ላይ እንዳለ የከዘራው ድምፅ መጣ። በስድስተኛው ደቂቃ ላከችለትና ተረጋጋ። ያን ዕለት ቢሮ ጠረጴዛዋ ሥር ባለች አሮጌ ኮምፒውተር ላይ አንዲት አጭር ትእዛዝ ጻፈች። በየቀኑ አንድ ሰዓት ሲል "አርባ ሦስቱም ደህና ናቸው" ብለሽ ላኪ። በቃ። ምንም አትጠይቅም፣ ማንንም አታይም፣ ትልካለች እንጂ።

ለጊዜው ነው ብላ ነበር። ሥራውን የሚያውቅ ሁሉ ይህችን "ለጊዜው" ያውቃታል፤ ሆስፒታሉ ውስጥ ለጊዜው ተብለው የተሠሩ፣ ለጡረታ የደረሱ ስንት ነገሮች አሉ። ማመልከቻው ይፈረማል ብላ ጠበቀች፣ አልተፈረመም። ቀን ቀንን ወለደ። ጋሼ ይነሳል፣ ይለብሳል፣ ይጠብቃል፣ ተመስገን ይላል። እንዲያውም ደስ ብሎት ነበር፤ አንድ ቀን ስልኩን እያሳያት፣ "አዲሱ... ጎበዝ ነው። ሰዓት... ያከብራል" አላት። ሚጣ ሳህን ለማጠብ ዞረች።

አንድ ሐሙስ ጠዋት መልእክቱ ገባ፣ ጋሼ አመሰገነ፣ በላ፣ ሚጣ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። አንድ ሰዓት ከአርባ ላይ አውቶቡስ ውስጥ እንዳለች ስልኳ መጮኽ ጀመረ። ካርድ ክፍል ደወለ። መድኃኒት ቤት ደወለ። ከተረኛው ግን አንድም መልእክት አልገባም፤ የጠዋቷም ለራሷ ቀርታ ነበር፣ ልብ አላለችም።

ስትደርስ የሆስፒታሉ ግቢ ሰው በሰው ላይ ሆኗል። የካርድ ክፍሉ ልጆች በወረቀት እየጻፉ ላብ አጥምቋቸዋል። አንዲት ሴት የታመመ ሕፃን አቅፋ፣ "የትናንቱ የደም ውጤት አልታይም አለ ይሉኛል፤ ልጄ ይታያችኋል አይደል?" ትላለች። ሚጣ ሮጣ ሰርቨሩን ከፈተችው። ዲስኩ ጢም ብሎ ሞልቷል። አዲሱ ተረኛ ያየውን ሁሉ ዘጠና ቀን ያህል ጽፎ ያስቀምጣል፤ አሮጌው ከሰባት ቀን በላይ አያስቀምጥም ነበር። ይህን ቁጥር ዝቅ ማድረግ ዘነጋችው፤ አርባ ሦስት መመሪያ ስትገለብጥ ይህቺ አንዲት መስመር አመለጠቻት። ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቦታው አለቀበት፣ ራሱም ቆመ፣ አብሮት ያለውን ካርድ ክፍልና ላብራቶሪ ይዞ ቆመ። የሞተ ደግሞ አይጮኽም።

ስድስት ሰዓት ላይ ሁሉም ተነሳ። ሕፃኑም ታየ፣ የሞተ ሰው የለም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን ሚጣ ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች አንድ ሐሳብ መጣባት። አንድ ሰዓት ላይ መልእክት ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ጋሼ በአንድ ሰዓት ከአምስት በሯን ይደበድብ ነበር። ያቺ ሴት ከቤቷ ሳትወጣ ሁሉም ይነሳ ነበር። ጠባቂውን የሚጠብቀውን ሰው በገዛ እጇ አስተኝታዋለች።

ቤት ስትደርስ ደረጃው ሥር የታችኛው ቤት እማማ ቆመው ይጠብቋታል። ጠዋት የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ሊወስዱ ሄደው ከተመለሱት አንዷ እሳቸው ነበሩ።

"ምን አጠፋሁ ልጄ?" አሏት። "ብቻውን ነው ልይ ብዬ ወጣሁ። ሆስፒታላችሁ ዛሬ ጉዱ ፈልቷል፣ ኮምፒውተሩ ከንጋት ጀምሮ ሞቷል፣ ባዶ እጄን መለሱኝ አልኩት። ጨዋታ ነው ያልኩት እኮ። ብድግ ብሎ ስልኩን ፊቴ ላይ ይደቅነዋል። ‘ደህና... ደህና ናቸው’ ይለኛል። ሞቷል እኮ ነው የምልህ ስለው መልሶ ያሳየኛል። ሦስት ጊዜ አሳየኝ። ከዚያ ቁጭ አለ፤ እስካሁን ቁጭ እንዳለ ነው።"

ሚጣ ደረጃውን እንዴት እንደወጣችው አታውቅም። ጋሼ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ምሳው እንደተከደነ ነው። ስልኩ ፊቱ ተቀምጧል።

"ማን... ላከው?" አላት።

"ጋሼ፣ አዲሱ ተረኛ ዲስኩ ሞልቶበት..."

"የሞተ... አይልክም።"

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ከዚህ ሰው ፊት መዋሸት የሚቻልበት ቀዳዳ አልነበረም፤ ነገሩን ያስተማራት እሱ ነው። መሬት ላይ ተቀምጣ ጉልበቱን ይዛ ሁሉንም ነገረችው፤ ዝርዝሩን፣ ማመልከቻውን፣ መኝታ ቤቷ ውስጥ ተደብቃ የላከችውን፣ በኋላም ያቺን ምንም የማታይ ትእዛዝ።

"ከመቼ... ጀምሮ?"

"ከተቀየረ ጀምሮ።"

በግራ እጁ ጣቶች ጠረጴዛው ላይ ቆጠረ። ብዙ ጊዜ ወሰደበት።

"ሃምሳ ሦስት ቀን" አለ። "ሃምሳ ሦስት ቀን... ተመስገን አልኩ።"

"ለአንተ ብዬ ነው ጋሼ። በሞትኩት፣ ለአንተ ብዬ ነው።"

"አውቃለሁ" አላት።

ቢቆጣት ትመርጥ ነበር። በከዘራው አንድ ጊዜ ቢላት እንኳ ደስ ባላት።

ስለዚያ ሐሙስ ሪፖርት ተጻፈ። "ለምን በጊዜ አልታወቀም?" ለሚለው ጥያቄ ሚጣ አንዳች ሳታስቀር እውነቱን ጻፈች። ኃላፊው አንብቦ ጆሮው ቀላ። እንዳልኳችሁ ክፉ ሰው አይደለም። ያን መሳቢያ ከፍቶ ማመልከቻውን ፈረመበት፤ በላዩም ደብዳቤ ጨምሮ ጋሼን የክፍሉ የበጎ ፈቃድ አማካሪ ብሎ ሰየመው፣ መዝገብም ተከፈተለት። ደብዳቤውን ራሱ ይዞ ቤታቸው መጣ። አልጋው አጠገብ ተቀምጦ፣ "ጋሽዬ፣ አጥፍቻለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ። ከነገ ጀምሮ እውነተኛው ይመጣልዎታል" አለው። አልጋው አጠገብ ያልኩት፣ ጋሼ ከዚያ ሐሙስ ወዲህ ጠዋት መነሳት ስላቆመ ነው። ጋሼ ደብዳቤውን አነበበ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ለእንግዳው ደግ ፊት አሳየው።

በማግሥቱ አንድ ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። አርባ ሦስቱም ደህና ናቸው። በዚህ ቀን ይህ እውነት ነበር፤ ማሽኑ አርባ ሦስቱንም ጠይቆ ነው የላከው። ሚጣ በሩን ገርበብ አድርጋ ታያለች። ጋሼ ስልኩን አነሳው፣ አነበበው፣ መልሶ አስቀመጠው። ምንም አላለም። በማግሥቱም እንዲሁ። አሥራ አንድ ቀን ሞከረ፤ እንደሞከረ ታውቃለች፣ ፊቱ ላይ ታየው ነበር። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጠራት።

"ሚጣ... ሰርዢኝ።"

"ምን አልክ ጋሼ?"

"ከዝርዝሩ።"

"አሁን እኮ እውነተኛው ነው! ና ቢሮ ልውሰድህ፣ በዓይንህ እይ። እኔ እጄን አላስገባሁም፤ በእናታችን አጥንት!"

አልተጣላትም። ለማስረዳት ደከመ እንጂ። ቃሉን ከሩቅ እንደሚያመጣ ሰው አንድ በአንድ አወጣው።

"ደህና ናቸው ሲለኝ... እሱ ይሁን... አንቺ ትሁኚ... አላውቅም። ካላመንኩት... አልጠብቅም። ሰርዢኝ። ጡረታ ልውጣ።"

አራት ዓመት ሙሉ ሆስፒታሉ ጡረታ ቢያወጣውም እሱ አልወጣም ነበር። ሚጣ በዚያ ቀን ቢሮ ገብታ እስከ ምሳ ድረስ አንድም ሥራ አልሠራችም። ከምሳ በኋላ ዝርዝሩን ከፈተችው። የአምስቱ ሠራተኞች ቁጥር አለ፣ ከታች የእሱ አለ። እሱን የመሰለ ሰው ለማጥፋት አንድ ጊዜ መንካት ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ነካችው። አዲሱ ተረኛ እንደ ልማዱ ምንም አላለም።

ማታ ገባች። ጋሼ ነቅቶ ነበር። ኮቷን ሳታወልቅ አጠገቡ ተቀመጠች።

"ሰረዝኩህ ጋሼ" አለችው።

ፊቱን ወደ እሷ መለሰ። ይህ ሰው አሳድጓታል፣ ፀጉሯን ጎንጉኗል፣ ከእሷ ጋር አርባ ዓመት ኖሯል፤ ሰድቧታል፣ ስቆባታል፣ መርቋታል። ውሃ ስትሰጠው እንኳ እጁን ዘርግቶ ይቀበላል እንጂ እንደ ባዕድ የጨዋነት ቃል ብሏት አያውቅም፤ ለገዛ እህቱ ማን እንዲህ ይላል?

"አመሰግናለሁ" አላት፣ ቃሉን ሳይቆራርጥ።